የሻሺቱ እንቁላሎች እና የጅዳው ብርድ ልብስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መምህሬ ጋሽ ይመር ዶማ ሰጥተው «ቆፍር» አሉኝ። ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ቆፈርኩ፣ ቆፈርኩ። ትንሽ ቢተዉኝ ዓባይን ከሥር አገኘው ነበር። ጋሽ ይመር አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩኝና፣ «ልጄ፣ የምንቀብረው እንቁላል ነው፤ የደጎሎ አይሱዙ አይደለም» አሉኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከመካነ ሰላም በታች ባሉት ገደሎች የገደል ሰዎች ይኖራሉ። እንደኛ በሁለት እግር ይቆማሉ። እጃቸው አራት ነው፤ ጀርባቸው እንደ ጢንዚዛ ቅርፊት ለብሷል፤ ግንባራቸው ላይ ሁለት ረጃጅም ጢሞች ይወዛወዛሉ። ሴቷ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንቁላል ትጥላለች። ልትጥል ስትደርስ ጥፍሯ እንደ ረጠበ ቆዳ ስለሚለሰልስ መቆፈር አትችልም። እኛ እንቆፍርላቸዋለን፤ እነሱ ከጎተራችን ነቀዝ ይለቅሙልናል። ከአያቶቻችን የመጣ ውል ነው።

በሥራችን ቆፋሪ፣ ደፋኝ፣ አዳማጭ የሚባል ማዕረግ አለ። ቆፋሪ አፈሩን ጨብጦ ይሞክራል፤ ሲለቀው ካልፈረሰ ልክ ነው። ደፋኝ እናትየዋ በአረፋ ያሸገችውን የጉድጓድ አፍ በደቃቅ አፈር ያለብሳል። አዳማጭ ደግሞ ቀጭን ቀርከሃ ሰክቶ ጆሮውን ያስጠጋል። ሕይወት ያለው እንቁላል ለመንቃት ሲቃረብ እንደ ሽሮ ቀስ ብሎ ይንተከተካል። እኔ አዳማጭ እስክባል ፀጉሬ ሸበተ። «አንተ መጀመሪያ ዝም ማለት ተማር» ይሉኝ ነበር ጋሽ ይመር።

ዋናው ነገር ውርጭ ነው። በመስከረም የተጣለ እንቁላል በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያንቀላፋል፤ በበልግ ዝናብ ይነቃል። ውርጩ ተደጋግሞ ወርዶ ሥር ድረስ ካልገባ አያንቀላፋም፤ ያላንቀላፋ ደግሞ እዚያው ይበሰብሳል። የድሮው ውርጭ የጅብ ሳቅ አየር ላይ ያደርቅ ነበር። አሁን አንድ ዓመት ብቅ ይላል፣ ሁለት ዓመት ይጠፋል። ጉድጓድ ከፍተን ሽታ ብቻ ያገኘንበት ዓመት በዛ። ገደሉ ባዶ እየሆነ ሄደ።

አምና መጣል የምትችል ሻሺቱ ብቻ ቀረች። ቆፈርኩላት፤ ጣለች። እንደ ወጋቸው የጀርባ ቅርፊቷን አውልቃ ጉድጓዱ አፍ ላይ አኖረች። ልጆቹ ሲወጡ መጀመሪያ የሚበሉት እሱን ነው። ቅርፊት የሌላትን ሴት ነፋስም ያቆስላታል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ዋሻ ገብታ ትከርማለች።

«አሰፋ፣ ይወጡልኝ ይሆን?» አለችኝ ስትሰናበተኝ።

«አብሽሪ! የዘንድሮ ውርጭ እንኳን እንቁላል ድንጋይ ያስተኛል።»

ጢሞቿ ተንቀጠቀጡ። ሳቃቸው እንደዚያ ነው።

እውነትም በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። እንደ ጥጃ ቦረቅሁ። ደስታዬ ሳይበርድ ከከላላ መርዶ መጣ፤ ጋሽ ይመር አረፉ። በቅሎ ጭኜ ሄድኩ፤ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ስመለስ ጉድጓዱ ላይ ባለ አበባ ወፍራም ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፤ ዙሪያው ገለባ ተነስንሷል። ጎረቤቴ ዘሙ አጠገቡ ቆማለች። ከጅዳ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው፤ ሥራችንን አታውቅም።

«አሴ፣ እነዚህ ምስኪኖች በብርድ ሊያልቁ!» አለችኝ። «እናታቸው ዋሻ፣ አንተ ለቅሶ። ወላሂ አንጀቴ አልቻለም። ለልጄ ያመጣሁት ነው፤ አለበስኳቸው።»

«ውርጩስ?»

«ወርዶ ወርዶ አለፈ። አንዷንም እንቁላል አላስነካኋትም!»

እንዲህ ደስ ያላት ሰው አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ወሬዬ የት እንደገባ እንጃ፣ እውነቱን ልነግራት አፌ አልታዘዝ አለኝ። «አሁን ሞቋቸዋል፤ ይበቃል» ብዬ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። በየጠዋቱ ሜዳውን አየሁ። ውርጭ አልተመለሰም።

በበልግ ዝናብ ሻሺቱ አዲስ ቅርፊት ለብሳ መጣች። ዘሙም ልጆቹን ልትቀበልበት ያንኑ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ ደረሰች። ቀርከሃውን ሰክቼ አዳመጥኩ። ዝም። ቦታ ቀይሬ ሰካሁ። ዝም።

«ተናገር እንጂ፤ አንተ ወሬ ያልቅብሃል?» አለች ሻሺቱ።

«አልተኙም» አልኳት።

ጢሞቿ ወረዱ። ገባት።

«ለምን አልተኙም?» አለች ዘሙ።

«የሚያስተኛቸው ውርጩ ነበር፣ ዘሙዬ።»

ብርድ ልብሱ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። «አፉ በይኝ፣ እህቴ» አለች ወደ ሻሺቱ ዞራ፤ «በርዷቸው መስሎኝ ነው።»

ሻሺቱ አልተቆጣችም። በሁለት እጇ ያልተበላውን ቅርፊቷን አነሳች። በሌሎቹ ሁለቱ ብርድ ልብሱን አንስታ ጭቃውን አራገፈች፣ አጣጥፋም ለዘሙ ሰጠቻት።

«ልጅሽን አልብሺያት፤ ይበርዳታል» አለች። ከዚያ ወደ ገደሏ ወረደች።

አሁን ጎተራችንን ነቀዝ እንደ ልቡ ይበላዋል። በዶማዬ ድንች እቆፍራለሁ። ማሻ በኩል ገና የሚጥሉ ሴቶች አሉ ይባላል፤ እዚያ ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው። ጉድጓዱን ደፍናችሁ አትሂዱ፤ መምህራችሁ ቢሞትም አጠገቡ ተቀመጡ። ሰው ርኅሩኅ ነው።