የቅዳሜው ወጥመድ

ፕሮፌሰሩ ሰሌዳ ላይ ሆን ብሎ ይሳሳት ነበር። ጀማሪ መምህር ሳለ ያመጣው ልማድ ነው። ሒሳብ የሚወዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ይጠራና አንድ ማረጋገጫ ከላይ እስከ ታች ይጽፍላቸዋል፤ መሀል ላይ ግን አንዲት ስሕተት ይሸጉጣል። ቀድሞ ያያት ልጅ «ወጥመድ!» ብሎ ይጮኻል፤ ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል።

«እኔን እንዳታምኑኝ» ይላቸዋል። «ሒሳብ ሽበት አይቶ ከመቀመጫው አይነሳም።»

ማስታወሻ ይዞ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ወረቀት እያዩ የሚያስተምሩ ባልደረቦቹን «በምርኩዝ የሚሮጡ» እያለ ያበሽቃቸው ነበር። ሁሉም ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ጠመኔ ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ማንም በማያየው በኩል ነው፤ በምርምሩ። ብቸኛ ቁጥሮች የሚባሉት፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም የማይካፈሉት፣ በመካከላቸው ስላለው ክፍተት ለዓመታት ሲሠራ ኖሯል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ቁጭ ብሎ አምና የጻፈውን ሲያነብ አራተኛው ገጽ ላይ ቆመ። የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው፤ ሐሳቡ ግን የባዕድ ሆነበት። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ ጠፋው። ደክሞኝ ነው አለ። መነጽሬ ነው አለ። መነጽሩን አስቀየረ። ገጹ ያው ገጽ ሆኖ ጠበቀው።

ቀጥሎ በሥራ ቀን ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ተራ ደረሰ። ዐረፍተ ነገር ጀምሮ መጨረሻው ይጠፋበታል። እንዲህ አፉን ከፍቶ እንደቆመ አንዱ ተማሪ ከኋላ «ኔትወርክ የለም» ሲል ሰማው። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ከአንገት በላይ ሳቀ።

ባለቤቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ፊት አይታ ሕመሙን ትገምታለች ይሏታል። አንድ ቀን ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ፣ ኪሱን እየገለባበጠ ቁልፍ ሲፈልግ ደረሰችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

«የሒሳብ ሰው ዝንጉ ነው። ስታገቢኝ አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል። ያኔ የምትረሳው ግን ጃንጥላህን ነበር። ትናንት የእህትህን ስም ጠየቅኸኝ።»

ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ የተሰካውን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ቅዳሜዬን ይወስዱብኛል» አለ።

«ማነው የሚወስድብህ?»

«ሐኪሙ አፉን ከከፈተ ማን ልጆቹን ይሰጠኛል? ምርምሩ እንደሆነ ሄዷል። ቅዳሜን ነው ያተረፍኩት።»

ልጅ አልወለዱም። ባለቤቱ ነገሩን አልገፋችውም፤ ገብታ ራት ማቅረብ ጀመረች።

ቅዳሜ የተረፈችው ለምን እንደሆነ ግን አልነገራትም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሳያውቀው፣ የመደመር ምልክቱን መቀነስ አድርጎ ጽፎት ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ «ወጥመድ!» ብላ ብድግ አለች። ክፍሉ አጨበጨበ። ልቡ ድንግጥ ብሎ ሳለ አፉ በልማድ «ጎበዝ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ወጥመዱ መሸሸጊያው ሆነ። ሲሳሳት ያጨበጭቡለታል፤ አብዝቶ ሲሳሳት አብዝተው ያጨበጭቡለታል። «ፕሮፍ ዘንድሮ ብሶባቸዋል፣ በአንድ ሰሌዳ ሦስት ወጥመድ!» ይባባላሉ። እሱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሦስቱ የትኛውን ሆን ብሎ እንዳደረገው ለመለየት ይታገላል። አንዳንዴ አንዱንም አያገኘውም።

አንድ ቅዳሜ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ይህ ሰው ራሱ በልጅነቱ እነዚሁ አግዳሚዎች ላይ ቁጭ ብሎ «ወጥመድ!» ሲል ያደገ ነው። የሥራ ቀን ተማሪዎች አቤቱታ አቅርበው ነበር፤ ግን ይህን አልተናገረም። «ናፍቆኝ ነው፣ ጋሼ» አለ።

የዕለቱ ትምህርት ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ማሳየት ነበር። ፕሮፌሰሩ ይህን ማረጋገጫ ተኝቶም ያስተምረዋል የሚባልለት ነው።

«አልቀዋል እንበል» ብሎ ጀመረ። «ያሉት ሁለት፣ ሦስትና አምስት ብቻ ናቸው እንበል። እናባዛቸው። ሠላሳ! እንግዲህ ሠላሳ ከእነዚህ በአንዱም አይካፈልም። ስለዚህ ሌላ ያልቆጠርነው ብቸኛ ቁጥር አለ ማለት ነው።»

«ወጥመድ!» አለ አንድ ድምፀ ጎርናና ልጅ። «ሠላሳ እኮ ለሁለት ይካፈላል፣ ፕሮፍ! አንድ መደመር ረስተዋል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ፕሮፌሰሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሠላሳ ለሁለት እንደሚካፈል አየ። አንድ መደመር እንዳለበትም ሰማ። ግን ለምን? ያቺ አንድ ምን ታደርጋለች? ይህን ሁሉ ዓመት በእጁ የጻፋት አንድ ነበረች፤ አሁን ከየት እንደመጣችና ምን ልትሠራ እንደመጣች አያውቅም። ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ጭብጨባው ረገበ። ዛሬ «ጎበዝ» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለችው።

«ልጆች» አለ። «ዛሬ ወጥመድ አይደለም። ተሳስቼ ነው።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀጭኗ ልጅ በሳቅ ፈነዳች።

«ይኼኛው ነው ወጥመዱ! ‹እኔን እንዳታምኑኝ› ብለውናል!»

«ተበላን!» አለ ጎርናናው፣ እግሩን መሬት እየደበደበ።

«አይደለም፣ እውነቴን ነው። አላውቀውም። ለምን አንድ እንደምንደምር አላውቅም።»

ይህን ሲል ጭራሽ አግዳሚውን መምታት ጀመሩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ዓይኑ የፕሮፌሰሩ እጅ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። እጁ ውስጥ ጠመኔው ደቅቆ ዱቄቱ ጫማው ላይ ይፈስሳል። ኃላፊው ሳቁን ዋጠው።

ልጆቹን አሰናብቶ ወደ ሰሌዳው መጣ።

«ጋሼ።»

«ንገረኝ እስቲ» አለ ፕሮፌሰሩ። «ያቺ አንድ ለምን ትደመራለች?»

ኃላፊው ጠመኔ አነሳ። ሠላሳ አንድ ብሎ ጻፈ። ለሁለት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፣ ለሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፣ ለአምስትም እንዲሁ፤ ስለዚህ ከሦስቱ በአንዱም አይካፈልም፣ ያቺ አንድ የተጨመረችው ለዚህ ነው ብሎ ቀስ እያለ አስረዳው። ፕሮፌሰሩ ጠመኔውን እየተከተለ ሰማው። እንደገና አስረዳኝ አለ። እንደገና አስረዳው።

«ገባኝ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ፈጠን ብሎ።

በማስተማር የኖረ ሰው ይህን «ገባኝ» ያውቀዋል። ያልገባው ተማሪ ነው እንዲህ የሚለው። ኃላፊውም መምህር ነውና ያውቀዋል።

«ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜን እኔ ልያዝልዎት፣ ጋሼ» አለ፣ ወለሉን እያየ። «እስኪያርፉ።»

«ለስንት ጊዜ ነው የማርፈው?»

ኃላፊው ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረ። ፕሮፌሰሩ ኮቱን አነሳ፤ አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው አገኘው።

ልጆቹ ገና ግቢው ውስጥ ነበሩ። አንዱ ፕሮፌሰሩን አስመስሎ «አላውቀውም!» ይላል፤ ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። ቀጭኗ ልጅ አየችው።

«ፕሮፍ! የሚቀጥለውን ደግሞ ከዚህ አክብደው ያምጡት!»

ፕሮፌሰሩ እጁን ከፍ አደረገላት። ወደ ግቢው መውጫ በር የሚወስደው የትኛው መንገድ እንደሆነ ለማስታወስ ትንሽ እንደቆመ፣ ልጆቹ አሁንም ያጨበጭቡለት ነበር።