ወታደሩን ከሕፃናት ጋር ያስቀመጠ ጌታ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ መጋቢን ትንሽ ጊዜ የለመንኳቸው ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። እትዬ የሺ እዚያ ከእናቶች መካከል ተቀምጠዋል። ትናንት «ስለ እኔ አንዲት ነገር እንዳታወራ» ብለውኝ ነበር። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎን ስም ሳላነሳ የጌታን ሥራ መናገር አልችልበትም።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ የሞጣው የሕፃናት መምህር፣ ጋሽ አያሌው ብላችሁ ነው። የድሮውን አያሌው የምታውቁት ግን ጥቂት ናችሁ። ትውልዴ ቢቸና ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ የሰፈራችንን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር ለብሔራዊ ውትድርና ተወስጄ ሰሜን ግንባር ገባሁ። ደርግ ሲወድቅ ብዙውን መንገድ በእግሬ ተጉዤ ተመለስኩ። እናቴ «ልጄ ሙሉ አካሉን ይዞ መጣልኝ!» ብላ እልል አለች።

አካሌስ ሙሉ ነበር። ግን በር ሲላተም፣ ድስት ሲወድቅ፣ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ መሬት ላይ ተደፍቼ እገኛለሁ። አንድ የገበያ ቀን የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳና አንዲት ሴት ዘርግታ የምትሸጠው በርበሬ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ገበያው ሳቀ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ቤት ገብቼ እናቴ ዓይኔን ስታጥብልኝ ግን አለቀስኩ፤ እሷም በርበሬው ነው የሚያስለቅሰው ብላ እንዳመነች ሆነችልኝ።

ምስኪን እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ ብርድ ላይ አብራኝ ሰነበተች። ያፈሰሰችውን እንባ ዛሬም አልረሳውም። ደብረ ማርቆስም ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሙ መረመረኝና «ወንድሜ፣ ጆሮህም ራስህም ጤነኛ ነው። ጦርነቱ ግን ከውስጥህ አልወጣም። እኔ የምሰጥህ መድኃኒት ያስተኛሃል እንጂ ያን አያወጣልህም» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ። እኔ ግን የራሴን መድኃኒት አገኘሁ ብዬ አረቄ ቤት ለአረቄ ቤት መዞር ጀመርኩ። «አያሌውን ጥይት ሳይነካው ገደለው» ይሉኝ ነበር የሰፈራችን ሰዎች።

አጎቴ ሞጣ ቀበሌ ውስጥ ይሠራ ነበርና የቀበሌው ሙአለ ሕፃናት ዘበኛ አድርጎ አስቀጠረኝ። «ጸጥ ያለ ሥራ ነው» ብሎኝ! ሕፃናት ባሉበት ግቢ ጸጥታ! ጌታ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። ስሙ ይባረክ!

የዚያ ሙአለ ሕፃናት መምህርት እትዬ የሺ ነበሩ። እንዴት ያሉ ሴት መሰሏችሁ! አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው ሲጣላ፣ ሦስተኛው ሱሪው ላይ ሲሸና፣ እኚህ ሴት ድምፃቸው ከፍ ሲል አይሰማም። የሸናውን ማንም ሳያይ በጓሮ ወስደው ያጥቡታል፤ ሲመለስ እንደ ሙሽራ እጁን ይዘው ያስገቡታል። እኔ ከበሩ ሆኜ ሳያቸው፣ እኛን ያሠለጠነን የመቶ አለቃ እንደዚህ ቢሆን ኖሮ እል ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ረፋድ ሰማዩ ጠቆረ። ወንበሮቹን ከደጅ ወደ ክፍል ሳስገባ በረዶው ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እንዴት እንደወደቅኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ጠረጴዛ ስር ነው፤ ጭንቅላቴን በእጄ ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። የመጣልኝ ሐሳብ «ልጆቹን አስፈራሁ፤ ዛሬ ተባረርኩ» የሚል ነበር። ያኔ አንዲት ሕፃን «ጋሼ ተደበቀ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ እየዳሁ ከጎኔ ገቡ። እትዬ የሺ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና ተንበርክከው ገቡ፤ ገብተውም «አኩኩሉ!» አሉ።

ልጆቹ «አልነጋም!» ብለው መለሱ።

በረዶው ይወርዳል፤ እሳቸው «አኩኩሉ!» ይላሉ፤ ልጆቹ «አልነጋም!» ይላሉ። ወገኖቼ፣ እኔም በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «አልነጋም» አልኩ። በረዶው ሲያባራ እትዬ የሺ «ነጋ!» አሉ፤ ሁላችንም እየተሳሳቅን ወጣን። ለቀበሌም፣ ለአጎቴም፣ ለማንም አልተናገሩብኝም። ሃሌ ሉያ!

እኚህ ሴት በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። «እዚህ የሁሉም ልጅ ነው ያለው» ይሉ ነበር። የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። «እትዬ፣ ያን ቀን ለምን አላባረሩኝም?» አልኳቸው።

«የፈራ ሰው ይባረራል እንዴ?» አሉኝ። «እኔንም ጌታዬ ያገኘኝ ፈርቼ በተደበቅኩበት ነው።»

«ጌታዎ ማን ነው?» አልኩ። የቄስ ልጅ ሆኜ!

ፈገግ አሉና «ስሙንማ ከእናትህ ጡት ጋር ጠብተኸዋል። አነጋግረኸው ታውቃለህ ወይ ነው ጥያቄው» አሉኝ።

እኔም አነጋገርኩት። እንዲህ ያለ አዳራሽ ሳይኖረን፣ በአንድ ወንድም ሳሎን በምንሰበሰብበት ዘመን፣ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል፣ ተቀበለኝ» አልኩ። ለዓመታት ያልተሰማኝ ሰላም ወረደብኝ። አረቄው ያን ቀን ተቆረጠ። ክብር ለስሙ ይሁን! ፍርሃቱ ግን፣ ጌታ ፊት አልዋሽም፣ በአንድ ጸሎት አልወጣም። ቀስ በቀስ ነው የለቀቀኝ። መጀመሪያ መውደቁ ቀረ፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ቀረ። ዛሬም በር ሲላተም ደንገጥ እላለሁ። ደንገጥ እላለሁ እንጂ አልወድቅም!

አባቴ ግን ከእናንተ ጋር ማምለኬን ሲሰሙ ደጄን አትርገጥ አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ እምነታቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው የሚወዱ ሰው ናቸው። እናቴ ገበያ መጣሁ እያለች ሞጣ ድረስ ትጠይቀኝ ነበር።

እትዬ የሺ አላረፉም። «አንተ ከልጅ ጋር ጸጋ አለህ፤ ጸጋ ይዞ በር መጠበቅ ምንድነው?» ይሉኛል። የማታ ትምህርት አስገቡኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ከዚያ የሙአለ ሕፃናት መምህርነት ሥልጠና ወስጄ ከዘበኝነት ወደ ክፍል ገባሁ። ይኼኔ ወላጆች ተነሱ። «ወታደር፣ ያውም ወንድ፣ ልጃችንን ሊይዝ ነው?» ብለው ስብሰባ ጠሩ። ሁሉም ሲናገር ቆይቶ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሰይድ ተነሡ። ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፣ ታውቋቸዋላችሁ። «የእኔ ልጅ ከቤት ውጭ አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር። አሁን ይህ ሰው ያስጠናትን የፊደል መዝሙር ሱቅ ድረስ እየዘመረች ትመጣለች። እናንተ እንደፈለጋችሁ፤ የኔ ልጅ ከእሱ ጋር ናት» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው በዚያው አበቃ። እግዚአብሔር ሰው ሲያስነሳ ከየት እንደሚያስነሳ ማን ያውቃል!

በቅድመ ልጅነት ትምህርት ዲግሪ በክረምት መማር ሲፈቀድ፣ እትዬ የሺ ለእኔም ለራሳቸውም አመለከቱ። የልጅ ልጅ ያዩ ሴት! ዓመቱን ሙሉ ልጆች ስንይዝ ከርመን፣ ሰኔ ላይ ዳቦ ቆሏችንን ቋጥረን ወደ ባሕር ዳር እንሳፈራለን። ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች መሐል መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ይቀመጣሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እንግሊዝኛውን ስፈታላቸው እሳቸው ልጁን ይፈቱልኛል፤ «ይሄ የሚለው እኮ የኛን የእንትናን ልጅ ነው» ሲሉኝ ገጹ ሙሉ ይበራልኛል።

አንድ ክረምት ግን የስታቲስቲክስ ፈተና ወደቁ። ጠዋት ዕቃቸውን ይዘው መናኸሪያ ሄዱ ሲሉኝ ሮጥኩ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አያሌው፣ አሮጊት ሴት መሳቂያ ሆንኩ። አንተ ጨርስ፤ ለልጆቹ አንድ ሰው ይበቃል» አሉኝ።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ «ለእኔም ሞጣ» አልኩ።

«አንተ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ወደ ዘበኝነቴ።»

እንባቸው ወረደ፤ ከዚያ ሳቁ። «በል ያን ሻንጣ አውርድ፣ አንተ ግትር!» አሉና ወረድን። ያን ፈተና ደግመው ተፈተኑት፤ አለፉትም! አመስግኑልኝ እንጂ፣ ወገኖቼ!

ባለፈው ዓመት ፊደል ሳስቆጥር በሩ ላይ ጥምጥም አየሁ። አባቴ ነበሩ። እናቴ አምጥታቸው ኖሯል። ትንሿ የልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ተቀመጡ። እኔ ልጆቹን እያስጨበጨብኩ «ሀ ሁ» አስባልኩ። ሲያልቅ አባቴ ተነሡና «እኔ በአለንጋ ያስገባሁትን አንተ በሳቅ ታስገባዋለህ» አሉኝ። በእምነት ዛሬም አልተስማማንም። ግን ግንባሬን ሳሙኝ። ቤታቸውም ተከፍቶልኛል። ጌታ ይመስገን!

ይኸው በዚህ ክረምት ተመረቅን። ጥቁሩን ጋዋን ለብሰን ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእትዬ የሺ ስም ሲጠራ እኔ ተነሥቼ እልል አልኩ፤ ወንድ እልል ሲል ሰው ዞሮ አየኝ። ይየኝ! እትዬ፣ ቀና ይበሉ፤ ወገኖች ይዩዎት።

እዚህ መካከል «ለእኔ መሽቷል፣ እኔ ተሰብሬያለሁ» የምትል ካለህ፣ የምትዪ ካለሽ፣ እባካችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የሞከርኩት ሁሉ አልሆነልኝም፤ የታመንኩት ጌታ ግን አላሳፈረኝም። ዛሬ እመኑት፤ መንገዱን እሱ ያውቃል። ሰውም ያዘጋጃል።

ነገ ሰኞ ሙአለ ሕፃናታችን አዲስ ልጆች ይቀበላል። የመጀመሪያ ቀናቸው ነው፤ የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው የሚያለቅሱ ብዙ ይሆናሉ። ለእኔና ለእትዬ የሺ ጸልዩልን። ተባረኩ።