ዋርሳዬና የትናንቱ ኬክ

ያ ክረምት ቀለም አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና ማታም አያባራም። ልብሱ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ይሸታል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ እኛም ቀኑን ሙሉ ሰማይ ስናይ እንውላለን። የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ የሱቅ ታፔላዎቹን ደርድሮ በአፉ እፍ ይልባቸዋል። ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ቤቱ ሁሉ ቀለምና ቤንዚን ይሸት ስለነበር ስቆጣው እውል ነበር። ዛሬ ያ ሽታ አንዴ ባፍንጫዬ ሽው ቢልልኝ ምን ነበረበት እላለሁ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ በዚያ ግቢ የቀረልኝ የወንድ ድምፅ የእሱ ብቻ ነበር። አላገባም። በሕይወቱ አንዲት ሴት ጠይቆ ያውቃል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ባለ ኬክ ቤቷን። ባሏ የሞተባት፣ ክንደ ብርቱ፣ ሳቋ እኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። "አይሆንም" አለችው። እሱም "እሺ" ብሎ ታፔላዋን ጨርሶላት መጣ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሲነሳ ጆሮው ይቀላል እንጂ ቃል አይወጣውም።

"ደግመህ ጠይቃት እንጂ፤ ስንት ዘመን ሆነው እኮ!" ስለው፣

"እትዬ፣ መልሱን አውቀዋለሁ" ይለኛል።

በዚያው ክረምት ባለ ሱቆቹ በማሽን የታተመ የላስቲክ ታፔላ ማሰቀል ጀመሩ። ዋርሳዬ ሥራ ፈታ። እጁ ግን ማረፍ አያውቅምና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እሱ ደግሞ ማስረዳት አይሰለቸውም፤ የሚሰለቸው ሰሚው ነው።

"ለባለ ኬክ ቤቷ የኢንተርኔት ገጽ ልሠራላት ነው" አለኝ። "ደንበኛው እቤቱ ሆኖ ኬኩ ላይ እንዲጻፍለት የሚፈልገውን ይጽፋል። ሰርቨር የሚባል ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ኬኩን ከነጽሑፉ ወዲያው ይሥልና ይልክለታል።"

"እስከዚያ ሥዕሉ የት ተቀምጦ ይቆያል?"

"የትም። ሲጠየቅ ነው የሚሣለው።"

"እንደ አንተ ታፔላ በላ።"

"እንደ እኔ ታፔላ! ግን ይኼኛው ዝናብ አይፈራም።"

መጀመሪያ የላከው ዕለት ጠርቶ አሳየኝ። ኬክ የሚባል ነገር የለም። ገጹን ከላይ እስከታች የሞላው የማይነበብ ጭረትና የጥያቄ ምልክት ነው።

"ዶሮ እግሯን ቀለም ነክራ የሄደችበት ነው የሚመስለው" አልኩት።

ራሱን ሲያክ ቆየና "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ሥዕል መሆኑን ሳልነግረው ላክሁበት። እዚህ ያለው ብሮውዘር፣ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ጽሑፍ መስሎት ሊያነበው እየታገለ ነው።"

አሳዘነኝ። እኔም የሐኪም ጽሑፍ ሲሰጡኝ እንደዚያው ነኝ።

ከሥዕሉ ፊት "የሚመጣው ሥዕል ነው" የምትል አንዲት መስመር ጨመረ። ያኔ ኬኩ ከላይ ወደታች ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሻማው፣ ቀጥሎ ክሬሙ። "መጣ! መጣ!" እያለ ጮኸ። ከዚያ በኋላም ሥዕል በወረደ ቁጥር እንዲሁ ስለሚጮህ ሰፈሩ "መጣ መጣ" ብሎ ስም አወጣለት።

ባለ ኬክ ቤቷ ገጹን ወደደችው። ኩሽናዋ ውስጥ ስክሪን ተሰቀለና ተራው የደረሰው ኬክ እዚያ ላይ ይታያል። በቀን አንድ የትእዛዝ ኬክ ነው የምትሠራው። አንድ ጊዜ የደንበኛ ቃል አሻሽላ ስለተጣሏት፣ ከምድጃው በላይ "ሥዕሉ ላይ ያለው ብቻ ይሠራ" ብሎ እንዲጽፍላት ዋርሳዬን አዝዛው ነበር። ቃሏን ታከብራለች።

ዋርሳዬ "ማሽኑን ልየው" እያለ በየቀኑ ይሄዳል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ነገር ግን ያ ገጽ ከተበላሸ እዚያ ኩሽና የሚያስገባው ሌላ ሰበብ የለውም። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። እሷ ታውቅ እንደሆን ነው የማናውቀው።

አንድ ቅዳሜ ኬክ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ አንዲት አምረው የለበሱ ሴትዮ የኬክ ትሪ እንደ ክስ ማስረጃ ወደፊት ዘርግተው ገቡ። የሙሽሪት እናት ናቸው።

"ይህን የጻፈው ማነው?"

ኬኩ ላይ "እንኳን ለሰማንያኛ ዓመትዎ አደረሰዎ፣ አያታችን" ይላል።

"እኔ ነኝ" አለች ባለ ኬክ ቤቷ።

"ሙሽራው እኮ አርባም አልሞላው!"

"እኔ ምን አውቄ? ከሥዕሉ አልወጣሁም።"

"ሲጽፉት ትንሽ እንኳን አልከነከነዎትም?"

"ከነከነኝ እንጂ፤ ትናንትም ይህንኑ ጽፌ ነበር። ሙሽራው ዕድሜው ገፋ ያለ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በሰው ትዳር ምን አገባኝ?"

ሻዩ ትን አለኝ።

"አዳራሹ ሙሉ 'አያታችን ይጨፍሩ!' እያለ ያጨበጭባል!" አሉ ሴትዮዋ። "ሙሽራው ደግሞ በራ ነው። ያላመነ ሰው የለም!"

ዋርሳዬ ኩሽና ሮጦ ገባ። ስክሪኑ ላይ ያለው የዓርቡ ኬክ ነው። አንድ ነገር ሲነካ የሙሽሮቹ ኬክ ከነቀለበቶቹ ወረደ። "መጣ፣ መጣ" አለ፤ ግን በሹክሹክታ ነው።

"ሰርቨሩ አልተሳሳተም" አለ ላብ አጥምቆት። "ለሥዕሉ ሁሉ አንድ ስም ሰጥቼ ነበር። ብሮውዘሩ ስሙን ሲያይ 'ይህንንማ አውቀዋለሁ' ብሎ መጠየቁን ይተውና ያስቀመጠውን ያወጣል።"

"እስከዛሬስ?" አለች ባለ ኬክ ቤቷ።

"ማታ ማሽኑ ሲጠፋ ያስቀመጠውን ይጥለው ነበር። ትናንት ሳይጠፋ አደረ።"

"'እኔ አጠፋዋለሁ' ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

ጆሮው ቀላ። ትናንት ማታ ዱቄት ሲያሸክማት አምሽቶ ረስቶታል።

"ይሄ ማሽን ቁርጥ ወንድምህ ነዋ!" አልኩ እኔ ከጥግ። "ነፍሱን ይማረውና፣ ጥያቄውን ሳይሰማ የአምናውን መልስ ይሰጥ ነበር።"

እሷ ክሬሙን በቢላ ገፋ አድርጋ በላዩ አዲስ ጻፈች። ዋርሳዬ በዝናብ ተሸክሞ ሴትዮዋን ተከትሎ ሄደ። ሲመለስ ሙሽራው ሲስቅ እንደነበረ፣ አማትየው ግን ገና እንዳልሳቁ ነገረን። ከዚያ ተቀምጦ ብሮውዘሩ 'አውቀዋለሁ' እንዳይል ለእያንዳንዱ ሥዕል የየራሱን ቁጥር ሰጠው። ሲጨርስ አቀርቅሮ ቆመ።

"ሌላ ሰው ብትፈልጊ አይከፋኝም" አላት።

እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ማሽኑን አሁን ምን አልከው?"

"የድሮውን አታውጣ፣ ሁልጊዜ ደግመህ ጠይቅ ነው ያልኩት።"

"ማሽን እንዲህ የሚመክር ሰው ራሱ ለምን አይሰማም?"

ዋርሳዬ አልገባውም። አፉን ከፍቶ አያት።

"አንተ ደንቆሮ!" አልኩ። "ጠይቃት እንጂ!"

ያኔ ጆሮው ብቻ ሳይሆን አንገቱም ቀላ። "እ... ታገቢኛለሽ?"

ምድጃውን ዘጋች፣ ቢላውን አጠበች፣ ስክሪኑን አየችው።

"መጣ፣ መጣ" አለችና ሳቀች። ሳቋ መንገዱን ተሻግሮ ባዶው ቤቴ ድረስ ሳይደርስ አልቀረም።

ኬክ ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሲፈርስ ተያይዘው ከዚህ ከተማ ወጡ። የጓሮዋ ክፍል ተዘግታለች፤ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ደረቅ ቡሩሽ ቀርቷል፣ አልጣልኩትም። መጨረሻ በስልክ ሳገኘው ከባለቤቱ ጋር፣ ከባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ከከፈቱት ኬክ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር።