ላጋልጣት ብዬ ያከበብሁት ካሌንደር

ይህ የሆነው አምና ሰኔ፣ ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተመረቅሁበት ቀን ነው። ዛሬም ሰው «አይ እህትነት!» ብሎ ሲያደንቀኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

የምንኖረው ሰባታሚት ሰፈር ነው። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ከልጅነቷ ጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ ትኩሳት ይነሳባታል፤ ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች። አንዴ ወባ ይባላል፣ አንዴ ታይፎይድ። ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። በአራተኛው ቀን ምንም እንዳልነካት ተነስታ ትስቃለች።

እኔን ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። እሷ ስትተኛ እማ ከራስጌዋ አትነሳም፤ አባ የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ ብርቱካን ይዞላት ይመጣል። እኔ ስታመም «ፓናዶል ዋጪ» ነው። እያስመሰለች እንደሆነ እርግጠኛ ነበርሁ። ስለዚህ ላጋልጣት ብዬ ከመስከረም ጀምሮ የታመመችበትን ቀን ሁሉ በግድግዳ ካሌንደሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከብብ ጀመር። አጠገቡም እጽፋለሁ፦ «ዒድ ነው፣ ጀመራት!» «ፈተና አለባት፣ ታመመች!»

በምረቃዬ ቀን ጣና ዳር ሄደን ዓሣ ልንበላ ነበር። ጋውኔን ሳላወልቅ ሰሚራ ሆዷን ያዘች። ሁሉም እኔን ትተው እሷን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ። እያለቀስሁ ቤት ገባሁ፤ ቀኑን አክብቤ፣ እንደ ልማዴ አጠገቡ ጽፌ፣ ካሌንደሩን ነቅዬ ተከተልኋቸው።

ሐኪሙ ፊት ዘረጋሁት። አፌን ሳልከፍት ክቦቹን መቁጠር ጀመረ። ሦስት ቀን ሕመም፣ ከዚያ ፋታ፣ እንደገና ሦስት ቀን።

«ይህን የያዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ያለች እህት ለሁሉም ይስጠው!» አለ። እማ አቅፋ ሳመችኝ።

ደሟ ለዘረመል ምርመራ ወደ ውጭ ተላከ። ጀርም ሳይኖር ሰውነት በራሱ ላይ የሚቆጣበት፣ እምብዛም የማይገኝ የዘር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ችግር ያለበትን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ወርሳለች፤ ጭንቀትና ድካም ደግሞ ይቀሰቅሱታል። ቢቆይ ኖሮ ኩላሊቷን ሊጎዳው ይችል ነበር። ኮልቺሲን የሚባል እንክብል በየቀኑ እንድትውጥ ታዘዘላት፤ ትኩሳቱም ጠፋ ማለት ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት አላስችል ቢለኝ እውነቱን ነገርኋት። ሳቀችብኝ።

«እታለም፣ ያኔውኑ አንብቤዋለሁ እኮ! ‹በእኔ ምረቃም አልቀረላትም› ያልሽውን ሳይቀር። ይሁን እንጂ ካንቺ በቀር ቀኔን የያዘልኝ ማን አለ?»

እውነቱን ልናገር፣ እማ ጠዋት ጠዋት እንክብሏን በእጇ ስታጎርሳት ዛሬም እቀናለሁ። እማ የረሳች ቀን ግን ተነስቼ የማጎርሳት እኔ ነኝ።