ባለቤቴና ጥርት ያለው ፊልም

ባለቤቴ የሰው ቤት መስኮት ላይ የፀሐይ መከላከያ ፊልም መለጠፍ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ «ጥላው» ይለዋል። ፀሐይ ሳሎናቸውን ምድጃ ያደረገችባቸው ሁሉ እሱን ይጠሩታል። መስታወቱን በሳሙና ውሃ ያርሰዋል፣ ፊልሙን ያሳርፍበታል፣ ውሃውን በጎማ ከመሀል ወደ ዳር ይገፋል፣ ትርፉን በምላጭ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ስልክ እቀበላለሁ፣ መስኮት እለካለሁ፣ እሱ የሚረሳውን አስታውሳለሁ። ማለትም ሁሉን ነገር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዓይኑ ቅርብ ማየት እምቢ ብሎታል። ሜትሩን የሚያነበው ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ነው። መነጽር ግዛ ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «መነጽር ሰክቼ ብሄድ ማን መስኮቱን ያምነኛል? ዓይኑ ደክሟል ብለው ሌላ ሰው ይጠራሉ» ይለኛል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም። ቢሆንም ያናድደኛል።

ባለፈው ሰኞ ጡረታ የወጡ አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጠሩት። መጽሐፎቻቸውን ፀሐይ እያደበዘዘችባቸው ነው፤ ጨለማ ደግሞ አይወዱም። ስለዚህ ቀለም የሌለውን፣ ጥርት ያለውን ፊልም አዘዙ። እኔን ራስ ምታት ይዞኝ ስለነበር ብቻውን ሄዶ ሠራ፤ አመሻሽ ላይ እያፏጨ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ይዞት የመጣውን የቆሻሻ ጆንያ ልገለብጥ ብል ውስጡ ያለው ላስቲክ አልወጣ አለኝ። ከጆንያው ጋር ተጣብቋል። እዚህ ላይ ላስረዳ፦ ፊልሙ ጀርባው ላይ ሙጫ አለው፤ ሙጫውን የሚሸፍን፣ እንደ ፊልሙ ጥርት ያለ ስስ ላስቲክም አለው። መሸፈኛው ተልጦ ይጣላል፣ ፊልሙ ይለጠፋል። የሚጣለው መሸፈኛ በምንም ተአምር አይጣበቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊልሙን ጥለህ መሸፈኛውን ነው የለጠፍክላቸው» አልኩት።

«እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ? ተሳስቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አድርጎታል እኮ» አልኩት።

ሳይመልስልኝ ስልኩ ጠራ። ዳይሬክተሯ ናቸው። እጁ ይባረክ፣ ቤቱ ቀዝቅዞላቸዋል፤ ለጎረቤት ሁሉ አውርተውለት ሦስት ቤት እየጠበቀው ነው። «ሰማሽ?» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። ጆንያውን አንስቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። እጁን ከትቶ ዳበሰው። ፊልሙ መዳፉ ላይ ተለጠፈና አልላቀቅ አለው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ሆኖ እንኳን ደስ አላለኝም፤ ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ።

«ውሃው ሲደርቅ መውደቁ አይቀርም» አለ። «ከኔ አፍ ይስሙት። ተነሺ፣ አዲስ ፊልም እንቁረጥ።»

ዳይሬክተሯ በሩን ከፍተው ምርቃታቸውን ሲያዘንቡለት ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጥጉን በጥፍሩ ነካ ቢያደርገው ላስቲኩ እንዳለ ተላቆ ጫማው ላይ ዘፍ አለ።

«እትዬ፣ ፊልሙን ጥዬ መሸፈኛውን ነው የለጠፍኩት» አላቸው። «ዓይኔ ቅርብ አያይም። ደብቄ ነው የምሠራው። ሌላ ሰው ልጥራ ቢሉም አልቀየምዎትም።»

መስኮቱን አዩ፣ ጫማውን አዩ። «እኔ እኮ ትናንት ቀዘቀዘኝ ብዬ ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የተኛሁት» አሉና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ የራሳቸውን መነጽር አውልቀው አፍንጫው ላይ ሰኩለት። «መነጽር ያደረገ ተማሪ ከክፍል አባርሬ አላውቅም። በል፣ ሥራህን ሥራ።»

መስታወቱን ጥግ ጥጉን አየ። ጣቶቹን አገላብጦ አየ። ከዚያ የሳሙና ውሃውን ይዤ አጠገቡ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረና ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ።

«ፀጉርሽ ሸብቷል» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አይተህ ዝም ያልክ መስሎኝ ነበራ» አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አስጠላሁት ማለት ነው እያልኩ በሆዴ ይዤው ነበር።

በእርጥብ ጣቱ ከጆሮዬ በላይ ያለውን ሽበት ነካ አደረገው።

«ያምርብሻል» አለኝ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ።