ምን እግር ጣለህ የማይባልበት ቤት

አባቴ ሰው ቤት ሄዶ ጉዳዩን ቀድሞ ተናግሮ አያውቅም። ቆቦ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው አጥር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ግባ ሲሉት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ይጠይቃል። የመጣው በሬ ሊለምን ቢሆን እንኳ የቤቱ ሰው «ምን እግር ጣለህ?» እስኪለው ድረስ ስለ በሬ አያነሳም። ገና ከመግባቱ ጉዳዩን የሚዘረግፍ ሰው አባቴ ዘንድ ያልተቀጣ ነው። እኔንም እንዲያ አድርጎ ነው ያሳደገኝ።

እናቴ ስትሞት ከድምጿ የቀረን አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። የቀዳት አባቴ ነው፤ እኔ በገዛሁለት ስልክ፣ ማሽላው መሃል ማማ ላይ ሆና ወፍ ስትጠብቅ። ወፎቹን ትረግማለች፣ ትረግማለች፣ ከዚያ ወደሱ ዞራ «አንተስ ቆመህ ታየኛለህ? ወንጭፉን አቀብለኝ እንጂ!» ትለዋለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ለመስማት አቅም አጥቼ ወደማስተምርበት ወደ ጎጃም ተመለስኩ። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ማሳ ሳይወርድ፣ በሷ ስድብ ነበር ቀኑን የሚጀምረው።

አንድ ቀን ስልኩ ሞላሁ፣ ሞላሁ እያለ ቢነዘንዘው፣ የማይፈልገውን ዘፈን አጠፋ ብሎ እሷን አጠፋት። ኋላ ሲነግረኝም እንደዚያው ነው ያለኝ፤ «እሷን አጠፋኋት።»

ለእኔ አልደወለልኝም። ወደ ጎብዬ ገበያ ሲሄድ መኪና ላይ አብሮት የተቀመጠ አንድ አስተማሪ፣ ፌስቡክ ላይ የስልክ ችግር የሚጠየቅበት ቡድን አለ፣ ባለሙያዎቹ በነጻ ይረዳሉ ብሎ አስገባው። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። ማታውኑ በአንድ ጣቱ ፊደሉን እየለቀመ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እንደምን ዋላችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ምን እግር ጣለህ እስኪሉት ጠበቀ።

ማንም አላለውም። በማግስቱ ተመልሶ «እንዴት አደራችሁ፤ አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ» አላቸው። አንዱ የሚስቅ ፊት ለጠፈበት። ሌላው ደግሞ፣ ሽበቱን የት አይቶት፣ «ወንድም፣ ለቅሶ ቤት መሰለህ እንዴ? ጥያቄ ካለህ ጥያቄህን ጻፍ» አለው። አባቴ ከደጅ እንደመለሱት ቆጠረው። ቢሆንም አልቀረም፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል እያለ በየቀኑ ሰላም ሲላቸው ሰነበተ።

ትምህርት ተዘግቶ ቆቦ ስገባ፣ ልቤ ትንሽ በርትቶ ነበርና «አባዬ፣ እስቲ እማዬን አሰማኝ» አልኩት። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ሁሉንም ነገረኝ።

«ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም?»

«መርዶ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይነገራል?» አለኝ።

ስልኩን ተቀብዬ የጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ደሜ ፈላ። ይብስ ያናደደኝ ግን ጥያቄህን ጻፍ ያለው ሰው አለመሳሳቱ ነው። እኔ የማስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። የምትጠይቀው ሰው ከፊትህ የለም፤ ገጽህን አይቶ ምነው ከፋህ አይልህም። ሰላምታህ አንድ መስመር ይበቃዋል። ስልኩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ስትነካ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህም ምን እንዳደረግህበት በአንዴ አስቀምጥለት። ያበላሸኸው ራስህ ብትሆንም አታፍር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አባቴ ደጅ ሲጠና ማየቱ ግን አንጀቴን በላው።

እዚያው ቁጭ ብዬ በራሴ ስልክ እንደ ደንቡ ጻፍኩላቸው። ሻዬ ሳይበርድ መልስ መጣ፤ ያውም ለቅሶ ቤት መሰለህ ካለው ሰውዬ። «እህቴ፣ የጠፋ ድምፅ ወዲያው ከሚሞሪ ካርዱ አይለቅም። የሚለቀው ሌላ ነገር ሲቀዳበት ነው። ከጠፋ ወዲህ የተቀዳ ነገር አለ?»

ወደ አባቴ ዞሬ ጠየቅኩት።

«ጉዳዬን ነዋ የቀዳሁት» አለኝ።

«የምን ጉዳይ?»

«ምን እግር ጣለህ ሲሉኝ እንዳልንተባተብ ብዬ ነው። የምነግራቸውን በቃሌ እቀዳና እሰማዋለሁ። ካልጣመኝ አጠፋና እንደገና እቀዳለሁ። በየቀኑ ነው እንጂ!»

ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ሰካሁት፤ ሰውየው ባዘዘኝ ፕሮግራም የጠፋውን ስፈልግ ዋልኩ። ጥቂት የድምፅ ቅጂዎች ወጡ። አባቴ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ተጠጋኝ። የመጀመሪያውን ከፈትኩት፤ የራሱ ድምፅ ነው። ሁለተኛውም የሱ ነው። ሁሉም የሱ ነው። እሷ የለችም።

አንዱን እስከ መጨረሻው ሰማና «ይኼ ሰውዬ ነገር ያስረዝማል» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ነበር። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። እናቴ የተቀበረች ዕለት እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

አሁን እሱም የለም። ከነዚያ ቅጂዎች አንዱን ይዣለሁ፤ ሲብስብኝ እከፍተዋለሁ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቻችሁ ደህና ናቸው?» ይላል አባቴ። ከዚያ የቤቱ ሰዎች እስኪመልሱለት ዝም ይላል።

«ደህና ነን አባዬ» እለዋለሁ። «ምን እግር ጣለህ?»

«የባለቤቴ ድምፅ ጠፍቶብኝ ነው» ይለኛል።