ከማታ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ በግለሂስ በኩል

ጠዋት፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ከማታ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ነው። መንገዱ እዚሁ ሮም ውስጥ ነው፤ አገሬን ለቅቄ ስወጣ እንኳ ግን እንዲህ አልፈራሁም። የማትሪክ ውጤቴ የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች በትጋት መከታተሌን የሚመሰክር ነበር። ስለዚህ እዚህ መጥቼ፣ ቀን ሳህን እያጠብኩ፣ በአርባ ዓመቴ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጨረስኩ። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ በቃል ፈትኖ ከተቀበለኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደሳል። ካልተቀበለኝ ወደ ደርግ መመለስ ነው። ከውጭ የተመለሰን ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚቀበለው ዘመድ አይደለም።

የቤት አከራዬ እትዬ ብርቄ በር ድረስ ሸኙኝ።

«በባዶ ሆድህ ልትፈተን ነው?»

«ሆዴ በፍርሃት ሞልቷል፣ እትዬ፤ ቦታ የለውም።»

«አይ አንተ! ሽበትህን አይተው አስተማሪ መስለሃቸው ጠመኔ ያቀብሉሃል።»

ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ

ትንሿ ባቡር እየተንቀጠቀጠች ዋናው ጣቢያ፣ ቴርሚኒ አደረሰችኝ። ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደተንቀጠቀጠ አላውቅም። አደባባዩ ጋ ቆሜ ቡና ጠጣሁ፤ ቁጭ ካልክ ይወደዳል። ጋዜጣ ሻጩን ዩኒቨርሲቲው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ልጅዎ እዚያ ይማራል?»

«ሊገባ ነው። ሰነፍ ልጅ ነው፤ ይጸልዩለት።»

ፈተናው

በሩን ስከፍት ክፍሉ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ፕሮፌሶሬው፣ ከኋላ በወንበር የተደረደረ ሕዝብ። እዚህ አገር የቃል ፈተና በሰው ፊት እንደሆነ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ ቁጭ ብሎ እንደሚያዳምጥ የነገረኝ የለም። እኔ እንዲህ ያለ ክፍል የማውቀው አንድ ብቻ ነው፦ የቀበሌያችን የውይይት ክበብ። እዚያ ተነስተህ ግለሂስ ታደርጋለህ። ጥፋትህን አንተ ካልዘረዘርክ ሌላው ይዘረዝርልሃል፤ ያኔ ነው ጉዱ።

«አሎራ፣ እስቲ ስለራስዎ ይንገሩኝ» አሉ ፕሮፌሶሬው፣ ፊታቸው ስቀመጥ።

እግሬ ሳላዘው ተነሳ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ለቀቅኩት፦ ማትሪክ መውደቄን፣ ሒሳብ ኤፍ ማግኘቴን፣ ከክፍል ሾልኬ ሲኒማ መግባቴን፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ መተኛቴን፣ መፈክር ሲባል ለይስሙላ እጄን ማንሳቴን። «ራሴን ለማረም ዝግጁ ነኝ» ብዬ ጨረስኩ።

ክፍሉ ጭጭ አለ።

«ይሄን ሁሉ ማን ጠየቀዎት?» አሉ ፕሮፌሶሬው ግራ ገብቷቸው። «እኔ የማየው የኮሌጁን ውጤት ነው። እሱ ደግሞ ጥሩ ነው።»

በገዛ አፌ መቃብሬን ቆፈርኩ።

«ሒሳብን ካነሱት አይቀር ግን፣ ሰሌዳው ጋ ይምጡ።»

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። መሃል ላይ ተሳሳትኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጀመርኩ። ደግነቱ ኮሌጅ እያለሁ ደጋግሜ የሠራሁት ዓይነት ነበርና እጄ ከእኔ ቀድሞ ጨረሰው።

«ተቀብለንዎታል። የአንደኛ ዓመት ሒሳብን ግን እንደገና ይወስዳሉ።»

አመስግኜ የተፈታኙ ወንበር ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከግለሂስ በኋላ የቤቱ አስተያየት አለ፤ እሱን መጠበቄ ነው። አንድ ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ ጎረምሳ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ሲኞሬ፣ ይነሱልኝ፤ ተራዬ ነው። ሳይጠፋብኝ ልናገረው!»

ዞር ብዬ አየሁ። ያ የፈራሁት ሕዝብ ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የራሱን ያጠናል። ጭጭ ያለውም ለዚህ ነበር።

ቤት

«እህስ?» አሉኝ እትዬ ብርቄ ገና በሩን ሳልዘጋ።

«ተዛወርኩ! ፔርሜሶዬም ይታደሳል።»

እልልታቸው የጎረቤቷን መስኮት አስከፈተ። የሆነውን ስነግራቸው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስለ ቀበሌው ስትዘረግፍ፣ ሐበሻ አልነበረም?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

እትዬ ብርቄ የእኛን መስኮት ዘጉ። በኋላ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን! ቢኖርስ? እሱም ስብሰባ ላይ ሲተኛ የኖረ ነው።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ያልተጠየቁትን አለመመለስ ነው። ይሄ ደግሞ እንደ ሒሳቡ በአንድ ዓመት የሚታረም አይመስለኝም። ሰኞ ክፍል እገባለሁ። ሒሳብን ብቻ የምፈራ ሰው ለመሆን ከበቃሁ፣ ለእኔ ትልቅ እድገት ነው።